ያቺ ማንኪያ

እሺ... የዛሬው ጥያቄ «እስረኛ ምቾት ይገባዋል ወይ?» የሚል ነው፤ ግን ዛሬም ምግብ ነው፣ አውቃለሁ። «ፖድካስቱን ጓዳ ብለሽ ሰይሚው» የምትሉኝ ሰዎች ታገሡኝ።

ያቺ ማንኪያ ናት የያዘችኝ። ማረሚያ ቤት በር ላይ፣ ስንቅ መፈተሻው ጋ ያለችው። ምሳ ዕቃው ይከፈታል፤ ፈታሹ «ቅመሺ» ይላል፣ ያመጣችው ትቀምሳለች። ከዚያ ማንኪያዋ ሽሮው ውስጥ እስከ ታች ትገባና አንዴ ዞር ትላለች። ጥቅል እንጀራው ይተረተራል። ዳቦው ይገመሳል፤ ሳሙናም እንደዚያው። የልብሱ ቅምቅማት በጣት ይዳበሳል። ከዚያ... ያችው ማንኪያ፣ ሳትታጠብ፣ የሚቀጥለው ሰው ምሳ ዕቃ ውስጥ። የፍስክ ወጥ ነክታ የጾም ሽሮ ውስጥ! ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው አልልም። ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ውሃ የለም፣ ማን ያጥባታል።

ፍተሻው ይቅር እያልኩ አይደለም። ዳቦ ሆድ ውስጥ ሲም ካርድ ይገባል፣ ስለት ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ ስንቅ ስትቋጥሩ ወጡን ሳይበርድ አትክደኑት፤ ያልበውና ማታ ሳይደርስ ይኮመጥጣል። እንጀራም ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ካፈናችሁት ይጣበቃል፣ ቶሎ ይሻግታል። የሚበረክተው በሶ ነው፤ ግን ዱቄት ስለሆነ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው እሱ! ቆሎ ይሻላል፣ ዘርግቶ ማየት ይቻላላ።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ «እስረኛ ምቾት ይገባዋል ወይ?» የሚለው። እኛ አገር ምቾት የሚባለው ግማሹ እኮ ራቱ ነው። የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት የእስረኛ አያያዝ ደንቦች፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ ደንብ 114 ላይ ገና ያልተፈረደበት ሰው ከውጭ በራሱ ወጪ ምግብ ማስመጣት ይችላል ይላሉ። ደንብ 67 ደግሞ እንዲይዝ ያልተፈቀደለት ንብረት ይመዝገብ፣ እስረኛው ይፈርምበት፣ ሲወጣ ይመለስለት ይላል። ማንዴላ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካ ሮበን ደሴት እስር ቤት ሲገቡ ለህንዶቹና ለክልሶቹ ረጅም ሱሪና ዳቦ ነበር፤ ለጥቁሮቹ ቁምጣ፣ ዳቦም የለም። ይኸው ዳቦ ላይ ተመለስን። ምቾት አሳሪው እጅ ሲገባ መሰላል ይሆናል፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ።

ስለዚህ ስንቅ ይግባ... ግን ዘመዱ ሩቅ የሆነ፣ ማንም የማይመጣለትስ? አብረው የታሰሩት ያቋድሱታል፤ ያ እውነት ነው። ካቋደሱት ነው እንግዲህ። ለእኩልነት ተብሎ ስንቅ ቢከለከል ደግሞ ሁሉም እኩል ይራባል፣ እሱም...

አላውቅም። ቢያንስ ሁለት ማንኪያ ቢኖር፣ አንዷ የጾም። አንድ ባልዲ ውሃ። ይኼ ምቾት ነው እንዴ? ይኼ እኮ...