በመሳቢያ የቀሩ ጽሑፎች፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ደኅና መጣችሁ እላለሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ለአዘጋጅ ኮሚቴው፣ እንዲሁም ጎሕ ሳይቀድ ከይርጋለምና ከወንዶ ገነት ተነሥታችሁ ሐዋሳ ለደረሳችሁ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የዓመቱ የሥራ ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። ሁለት የጽሑፍ አዘገጃጀት ሥልጠናዎች ተሰጥተዋል፣ የአባላት መዝገብ ታድሷል፣ የሒሳብ ምርመራው ተጠናቅቋል። የኅትመት ገንዘባችን አሁንም ጎዶሎ ነው፤ ይህን ገንዘብ ያዣችን ከሰዓት በኋላ ያብራሩታል።

እኔን ዓመቱን ሙሉ ዕረፍት የነሣኝ ጉዳይ ሌላ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲና ማኅበረሰብ ትስስር ለምናሳትመው ልዩ እትም በመስከረም ወር ጥሪ አስተላልፈን፣ ቀነ ገደቡን ሁለት ጊዜ አራዝመን፣ በመጨረሻ የደረሱን ጽሑፎች አራት ብቻ ናቸው። ሥራ ባይኖረን ኖሮ በዚህ ባልተቆጨሁ። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የእንሰት አጠውልግ በሽታን ከገበሬው ጋር ጓሮ ለጓሮ እየዞራችሁ የተከታተላችሁ፣ በሐዋሳ አጠገብ ያለው የጨለለቃ ረግረግ ምን ያህል እንደነበረና ዛሬ ምን እንደቀረው ከአካባቢው ሽማግሌዎች አፍ የመዘገባችሁ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሰው የክስ ማመልከቻ ስትጽፉ የምትውሉ አላችሁ። በዚህ ሥራችሁ ከልቤ እኮራለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ልፋት «ይህን ያህል ሰው ተጠቃሚ ሆኗል» በሚል አንድ መስመር ተጠቅልሎ በሩብ ዓመት ሪፖርት ይላካል፤ ሪፖርቱም ከፋይል ገብቶ በዚያው ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ቀበሌ የሚሄድ ወጣት መምህር ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቃል።

ዩኒቨርሲቲን ከማኅበረሰቡ ጋር ለማገናኘት ሥራ እንግዶች አይደለንም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሕዝቡ እየላከ ነበር ያሠለጠነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1964 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ መርሐ ግብር ጀምሯል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ቆይቷል። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ኧርነስት ቦየር ዩኒቨርሲቲ ዕውቀቱን ከሕዝብ ችግር ጋር ማገናኘት እንዳለበት በሰፊው የተከራከረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ሥራውን ቀድመን ጀምረን ሳለ ስለ ገዛ ሥራችን ለመጻፍ ስንነሣ የሌላውን ቃል የምንዋሰው፣ ያየነውን በወቅቱ ጽፈን ስላላስቀመጥን ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን አስቀምጦታል፤ በማዕረግ እድገት ጊዜ ግን ሚዛን የሚደፋው የታተመ ጽሑፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ከደረሱን አራት ጽሑፎች አንዱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች በውጭ አገር ምሁራን ብያኔ የተሞሉ ናቸው፤ ጥናቱ የተካሄደበት ቀበሌ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ «ምላሽ ሰጪዎች» ተብለው በሠንጠረዥ ተቆጥረዋል፤ አንዲት ቃላቸው ግን በጽሑፉ ውስጥ የለችም። ገምጋሚዎቹ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር፦ ችግሩን ችግር ነው ያለው ማን ነው? ነዋሪዎቹ በጥናቱ አካሄድ ላይ ምን አስለወጡ? ያልተሳካውስ ምን ነበር? ጸሐፊው ይህን በማስተካከል ፈንታ ጽሑፉን አንሥቶ፣ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ያለ በቂ ግምገማ በቀናት ውስጥ ወደሚያትም ጆርናል ላከው። ይህን የምናገረው ወንድሜን ለማሳፈር ብዬ አይደለም፤ ስሙንም አላነሣም። ሦስቱን ጥያቄዎች ቢመልስ ኖሮ ያ ጽሑፍ የእትማችን ምርጥ ይሆን እንደነበር ስለማምን ነው።

አሁን ወደ ተከራከርንበት ጉዳይ፣ ማን ጸሐፊ ይባል ወደሚለው ልምጣ። አንድ የጥናት ቡድናችን ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጋር ሲሠራ፣ የማኅበሩ መሪ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በእጁ ስሎ አሳየ፤ የመረብ ዓይን ስፋትን የሚመለከቱት ጥያቄዎችም በእርሱ ምክር ተለወጡ። ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ግን ሳንስማማ ወራት አለፉ፤ ጽሑፉም ከመሳቢያ አልወጣም። «እንግሊዝኛ አይጽፍም» የሚለው መከራከሪያ በእጅጉ አሳዝኖኛል። ብዙ ጆርናሎች የሚከተሉት የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች ኮሚቴ መመሪያ አራት መስፈርቶች አሉት፦ በጥናቱ ንድፍ ወይም መረጃ ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂ መሆን። የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው ቀሪዎቹን እንዲያሟላ ዕድሉ ሊሰጠው እንደሚገባም መመሪያው ይናገራል። በእኔ እምነት ረቂቁን በሲዳምኛ አስረድተነው «ይህ ልክ አይደለም» ሲለን ማስተካከል ሙሉ እርማት ነው። አስተዋጽኦው ከዚህ ያነሰ ከሆነ በምስጋናው ክፍል፣ በፈቃዱ፣ ስሙ ይጻፍ። ዛሬ ድምፅ ሰጥተን እንወስን፤ ሰውየው ከዚህ በላይ መጠበቅ የለበትም።

ባለፈው ወር በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄጄ ነበር። ዓሣ እያጸዱ የሚሸጡ አንዲት እናት እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከመታወቂያቸውና ከዕቁብ ደብተራቸው ጋር በፌስታል የጠቀለሉትን ወረቀት አወጡ። አራት ላይ የታጠፈ፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ የስምምነት ቅጽ ነው፤ ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው። «ዶክተር፣ ያ የጻፋችሁት ወጣ? ዋጋ እንዴት እንደሚሰብሩብን የነገርኳችሁ ገብቶበታል?» አሉኝ። ቃለ መጠይቁን ካደረግን ሁለት ዓመት አልፎናል። ጽሑፉ አልወጣም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሌላ ሥራ እያስቀደምኩ አቆየሁት። ያን ቀን የምመልስላቸው ቃል አጥቼ ተመለስኩ።

ስለዚህ ዛሬ ለሌሉት አባሎቻችን የምናገረው እንደ አንዱ ሆኜ ነው። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ማንም ያላነሣቸው የስም ባጆች ተደርድረው አይታችኋል። ከእነዚህ ባጆች ባለቤቶች ብዙዎቹ በስልክ «እየጨረስኩት ነው» ያሉኝ ናቸው። በአጠገባቸው የምትሠሩ ይህን አድርሱልኝ፦ የተጠናቀቀ ጽሑፍ አንጠብቅም፤ ሦስቱን ጥያቄዎች የሚመልሱ አምስት ገጾች ይላኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አርታኢዎቻችን አብረዋቸው ተቀምጠው ያበጁታል። ያነጋገሯቸው ሰዎች ወረቀታቸውን አስቀምጠው እየጠበቁ ነው።

ከአዳራሹ በስተኋላ መዝገብ ተቀምጧል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔን ርእስ ጽፌያለሁ፤ ረቂቁን ለእኚያ እናት በሐይቁ ዳር አንብቤላቸው እስከ ሰኔ 30 አስገባለሁ። ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ርእሳችሁንና የምታስገቡበትን ቀን እንድትጽፉ እየጠየቅሁ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።

አመሰግናለሁ።