የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ኪቦርዱ ለምን ሌላ ፊደል ይጽፋል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዚህ ሳምንት የተደወሉት ስልኮች በብዛት ሊኑክስ ስለሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ኮንሶል ነበሩ። ማውስ የለው፣ መስኮት የለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት ያ ጥቁር ስክሪን ማለቴ ነው። ትዕዛዞቹን ሲነበቡ እንደሚሰሙት ጽፌያቸዋለሁ።

ከፍራንክፈርት የደወለ ወንድማችን፦ «የጀርመን ኪቦርድ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ኡቡንቱ ጫንኩበት። ዴስክቶፑ ላይ ፓስወርዴ በትክክል ይሠራል። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ስጫን በሚመጣው ጥቁር ስክሪን ላይ ግን ተሳስተሃል ይለኛል። አካውንቴ ተበላሽቶ ይሆን?»

አይዞህ፣ አካውንትህ ምንም አልሆነም። ፓስወርድህ ውስጥ ዜድ ወይም ዋይ አለ? በጀርመን ኪቦርድ ላይ እነዚህ ሁለቱ ከአሜሪካው ጋር ቦታ ተለዋውጠዋል። ኮንሶልህ ደግሞ ኪቦርዱን የአሜሪካ አድርጎ ነው የሚያነበው። አንተ ዜድን ስትጫን እሱ ዋይ ብሎ ይቀበላል፤ ፓስወርድ ሲጻፍ ኮከብ እንኳ ስለማይታይ ስህተቱን የምታይበት መንገድ የለህም። ሰረዝ ካለበትም ያው ነው፣ የጀርመኑ የሰረዝ ቁልፍ በአሜሪካው አቀማመጥ እዝባር ነው።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ቀላል ነገር ሞክር። ዩዘርኔም በሚጠይቅህ ቦታ ላይ የምትጠረጥራቸውን ፊደሎች ብቻ ጻፍ። እዚያ የምትጽፈው ይታያል። ዜድን ተጭነህ ዋይ ከመጣ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ኢንተር ሳትጫን አጥፋው። ሙሉውን ፓስወርድ ግን እዚያ እንዳትጽፍ አደራ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ዴስክቶፑ ሴቲንግ ላይ ገብተህ የመረጥከው ኪቦርድ ለአንተ ዴስክቶፕ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ኮንሶሉ የራሱን ሌላ ቦታ ያነባል። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ያ ቦታ ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ኪቦርድ የሚል ፋይል ነው። በእጅህ ከመነካካት ይልቅ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኪቦርድ-ኮንፊገሬሽን» በል፣ እየጠየቀህ ይወስድሃል፤ ጀርመንን ምረጥና ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራው። ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ ያላችሁ ደግሞ «ሎካል-ሲቲኤል ሴት-ኪማፕ ዲኢ» ትላላችሁ። ለጊዜው ብቻ ከሆነ ኮንሶሉ ውስጥ ገብቶ «ሱዶ ሎድኪስ ዲኢ» ማለት ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል።

ዲስካችሁን የቆለፋችሁ ሰዎች ይቺን በደንብ ስሙኝ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የዲስኩን ፓስወርድ የሚጠይቀው ገና ሲስተሙ ሳይከፈት ስለሆነ፣ ኪቦርዱን የሚያነበው ቀድሞ ከተዘጋጀ ትንሽ ጥቅል ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ያንን የኪቦርድ ፋይል በእጃችሁ ካስተካከላችሁ «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ሰረዝ ዩ» ማለት አለባችሁ። አለበለዚያ ጥቅሉ የድሮውን እንደያዘ ይቀራል፣ እናንተም በገዛ ዲስካችሁ ደጅ ላይ ትቆማላችሁ። ይሄ ሰው ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፣ በጣም ያስጨንቃል። ዛሬ ማታ ሁሉ ነገር ደህና እያለ ኮንሶሉን ከፍታችሁ አንዴ ግቡበት። የግራፊክስ ድራይቨር ተበላሽቶ ዴስክቶፑ እምቢ ባለ ቀን የሚቀራችሁ በር እሱ ነው።

ከሐዋሳ የደወለች እህታችን፦ «የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ላይ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች አሉ። ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች ስገባ በደንብ ይነበባሉ። ሰርቨሩ ላይ ሞኒተር ስሰካ ግን አራት ማዕዘን ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከራስሽ ኮምፒውተር በኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ ስትገቢ፣ ፊደሉን የሚስለው የራስሽ ላፕቶፕ ነው፣ ፎንቱም የእሱ ነው። ሞኒተር ስትሰኪ የሚስለው የሰርቨሩ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ነው። እሱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጽ መያዝ አይችልም። የዓለምን ፊደል ሁሉ ሊያሳይ አይችልም ማለት ነው፣ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የእኛ ፊደል ብዙ ቢሆንም ይበቃዋል፤ የዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር በተሰጣቸው በዩኒኮድ ውስጥ ዋናው የግዕዝ ክፍል 384 ቦታ ነው ያለው።

ደስ የሚለው ደግሞ ፎንቱ ተሠርቶ ተቀምጧል። ጎሃ ይባላል፣ ጎሃ ክላሲክ የሚባል ወንድምም አለው፣ ሁለቱም በ12፣ በ14 እና በ16 መጠን ይገኛሉ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ከሆነ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሴትአፕ» በይ። መጀመሪያ ዩቲኤፍ-8ን፣ ቀጥሎ ከፊደል ዓይነቶቹ ኢትዮፒክ የሚለውን፣ ከዚያ ጎሃን ምረጪ። ሞኒተሩ ትልቅ ሆኖ ጽሑፉ ካነሰብሽ «ሴትፎንት ሰረዝ ዲ ኢትዮፕያን-ጎሃ16» ፎንቱን እጥፍ ያደርገዋል። አማርኛ የማያስፈልጋችሁና ዓይናችሁን ያደከማችሁ ሰዎች ግን ተርሚነስ የሚባለውን ፎንት በ16 በ32 ምረጡ፣ በጣም ጥርት ያለ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ይሄ ለማንበብ ነው። ዴስክቶፕ ላይ እንደለመድነው «ሰ» እና «ላ»ን በእንግሊዝኛ ድምፅ እየነካኩ አማርኛ መጻፍ ኮንሶሉ ላይ የለም። እነዚያን ፋይሎች ለማንቀሳቀስ ወይም ለመሰየም ከላፕቶፕሽ ብትገቢ ይሻልሻል።

ከዋሽንግተን ዲሲ የደወሉ አባት፦ «ድሮ ሺፍትና ፔጅ አፕ ስጫን ያለፈው ጽሑፍ ወደ ላይ ይመለስልኝ ነበር። አሁን እምቢ አለኝ፣ ኪቦርዱ ይሆን?»

አይደለም አባቴ፣ ኪቦርድዎ ጤነኛ ነው። በ2020 በወጣው የሊኑክስ ከርነል 5.9 ላይ ያ አገልግሎት ከነጭራሹ ተነስቷል። ኮዱ የደህንነት ችግር ነበረበት፣ የሚንከባከበውም ሰው አልነበረም። እኔም ስለምጠቀምበት በጣም ነው የከፋኝ። አሁን ረጅም ነገር ሲያነቡ ከትዕዛዙ በኋላ ቀጥ ያለችውን መስመር አስገብተው «ሌስ» ይበሉ፤ ጽሑፉን ገጽ በገጽ ያሳይዎታል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያለፉትን መልእክቶች ለማየት «ጆርናል-ሲቲኤል ሰረዝ ቢ» አለ። ኮንሶሉ ላይ ብዙ የሚቆዩ ከሆነ ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም ይጫኑ፤ እዚያ ውስጥ ኮንትሮልና ቢን፣ ቀጥሎ የግራ ማዕዘን ቅንፍ ሲጫኑ በፔጅ አፕ እንደ ድሮው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን፣ ሊኑክስን የሚመስል ሌላ ሲስተም የሚጠቀም ልጅ ወይም ጓደኛ ካለዎት እዚያ ስክሮል ሎክን ተጭኖ ፔጅ አፕ ማለት እስከ ዛሬ ይሠራል።