መኪናዬን ከፍ አደረግኩ፣ እማዬ መውጣት አቃታት

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ በር ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዝናብ ነው። የማወራችሁም ስለዚችው ስለተቀመጥኩባት መኪና ነው።

ፒክአፕ ናት፣ ሃይሉክስ። ሥራዬ እህል ነው፤ ከበቸና ዙሪያ ጤፍ እየሰበሰብኩ ማርቆስ አመጣለሁ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ እወርዳለሁ። እማዬም የምትኖረው በዚያው በበቸና በኩል ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ጥርጊያ መንገድ አለ። በጋ ላይ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ክረምት ላይ ግን፣ ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለማያውቅ ልንገረው። ዋልካ ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጤፋችን የሚያምረው እሱ ላይ ስለሆነ ክፉ አላወራበትም። ሐምሌ ላይ ጎማ ሲነካው ግን ሌላ ፍጡር ነው። ይጣበቃል። ጎማው በዞረ ቁጥር ሌላ ጭቃ ይደርባል። መንገዱ ላይ ጭድ ካገኘማ አለቀ፤ ጭቃ ከጭድ ጋር ምርግ ነው። ወርጄ ሳይ የጎማዬ ጥርስ ሁሉ ተደፍኖ እንደተመረገ ግድግዳ ልስልስ ብሏል። በዚህ ምኑን ይነዳል?

ስለዚህ ጎማ አሳድጋለሁ፣ መኪናዋንም ከፍ አደርጋለሁ ብዬ ተነሳሁ። እውነቱን ከተናገርን ግን ዋልካው ብቻ አይደለም የገፋፋኝ። ባህር ዳር አንድ ፒክአፕ ቆሞ አየሁ። ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሱን ያገጠጠ። ዞሬ ዞሬ አየሁት። ባለቤቱ መጥቶ በጎን ገላመጠኝ፤ ሌባ መስዬው ይሆናል። በቃ፣ ያን ቀን ልቤ ሸፈተ።

ጎማ ቤት ስገባ ዓይኔ አዋጅ ሆነበት። የፋብሪካው ጎማዬ 265/65 አር 17 ነበር። 265 በሚሊ ሜትር ስፋቱ ነው። 65 የጎኑ ቁመት ነው፣ ከስፋቱ በመቶኛ ሲሰላ። 17 ደግሞ የቸርኬው ኢንች። እኔ 285/70 አር 17 አነሳሁ። ሙሉ ቁመቱ ከ776 ሚሊ ሜትር ወደ 831 ይሄዳል። ሻጩ «አምስት ሴንቲ ተኩል ከፍ አልክ ማለት ነው» አለኝ። አይደለም! ጎማ ወደ ላይም ወደ ታችም ነው የሚያድገው። ከአክሰሉ፣ ከጎማዎቹ ዘንግ፣ በታች ያገኘሁት ግማሹን ነው፤ ሁለት ሴንቲ ከምናምን። አውራ ጣቴን በጎኗ ለክቼው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ያንን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለአንድ አውራ ጣት ነው።

ሊፍቱን፣ ማለትም መኪናዋን ከፍ ማድረጉን፣ ያሠራሁት እዚሁ ማርቆስ ነው። ሁለት ኢንች። ፊት ሞላና አሞርዛተር ተቀየረ፣ ኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ተጨመረ። እኔ ሦስት ኢንች ነበር ያማረኝ። መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ተው ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከወጣህ የፊቱ ሻፍት ይጣመምና ጆይንቱን ይበላዋል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። እዚያው ነው ሌላም ነገር ያሳዩኝ። ከሥር አስገብተውኝ የኋላ ዲፈረንሻሉን፣ በኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለውን ድቡልቡል የማርሽ ቤት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ከጎማው ጋር ነው የሚሄድ። ሊፍቱ አይነካውም» አሉ። ሊፍት የሚያነሳው አካሏን ነው። ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል ግን ከዚያች ከአውራ ጣቴ ሌላ ያገኘው የለም። ይሄን ጎማ ቤት የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ትንንሹ ጣጣ መጣ። መሪ ሙሉ ስጠመዝዝ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል፤ ፕላስቲኩ ተቆረጠ። ስኮርታው ከሥር አልገባ ብሎ ካሶኒው ላይ ተጫነ፣ የአንድ ኩንታል ጤፍ ቦታ ወሰደብኝ። ማታ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና ሁሉ መብራት ያበራብኛል። ምን አደረግኳቸው እያልኩ ከረምኩ። ለካስ አፍንጫዋ ቀና ሲል መብራቷም ቀና ብሎ ዓይናቸውን እየወጋሁ ነው። ዝቅ ማስደረግ ነበረብኝ።

ናፍጣውስ? ትጠጣለች። ግን የማትጠጣውንም ነው የምቆጥርባት። ጎማው ወደ ሰባት በመቶ ስለጨመረ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ስሄድ ቆጣሪው የሚያሳየኝ 93 ገደማ ነው፤ ለዚያው ናፍጣ ያነሰ መንገድ የሄደች ትመስላለች። ፍጥነቱም እንደዚያው፤ 80 ሲል እኔ 85 አልፌያለሁ።

ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ በደንብ ይታወቃል። ከደጀን ስወርድ ድሮ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ዝም እላት ነበር። ሞተሩ ይይዛታል። አሁን ትንደረደራለች፣ ፍሬን ትፈልጋለች። ትልቅ ጎማ ማርሹን ሁሉ ያረዝመዋል። ጤፍ ጭኜ ያንን ቁልቁለት ስወርድ እጄ ያልበኛል፤ አልዋሽም።

እሺ፣ ዋልካውስ? ባለፈው ሐምሌ አዲሱን ጎማዬን ተማምኜ ገባሁበት። እርግጥ ይሻላል። ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። ግን እናቴ ቤት ሊደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቀጥ አለች። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ትሰምጣለች። አንድ ሰውዬ በቅሏቸውን እየሳቡ መጡ። እየሳቡ ነው፤ አልተቀመጡባትም። ቆም ብለው አዩኝና «አያ፣ በዚህ ላይ በቅሎም አይጋለብ» አሉኝ። ከዚያ ገጀራቸውን አውጥተው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆርጡልኝ ጀመር።

እኔ ጎማዎቹን አስተነፈስኩ። የአየር ግፊቱን ከ35 ፒኤስአይ ወደ 20። ጎማው ሥሩ ጠፍጠፍ ብሎ መሬቱን በረጅሙ ያዘ። ቅርንጫፉን ከፊቱ አነጠፍን፤ በቀስታ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ወጣች። በእግር ፓምፕ መልሼ ስነፋ አንድ ሰዓት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። እዚያ ቁጢጥ ብዬ ስነፋ ነው ትዝ ያለኝ፤ የድሮውንም ጎማ አስተንፍሼው አላውቅም። አንድም ቀን። አየር ማውጣት ደግሞ ብር አይጠይቅም።

ወደ እማዬ ልምጣ። ነሐሴ ላይ፣ ለፍልሰታ ልታስቀድስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት መጣሁ። በሩን ከፈትኩላት። ነጠላዋን አጣፋች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ አልደረሰም። መልሳ አወረደችው። እንደገና ሞከረች። ጉልበቷን ያዝ አድርጋ ሽቅብ አየችኝ።

«ይሄን ያህል ምን ሰቀልከው? ማማ ነው እንዴ? ወፍ ልትጠብቅበት ነው?»

ልሸከምሽ ብላት ተቆጣች። ሰው እያየ! በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ሮጦ ከጓዳ በርጩማዋን አመጣ። በሱ ላይ ወጥታ ገባች። ስንደርስ ለመውረድም ያው ስለሆነ በርጩማውን ከኋላ ወንበር ይዘነው ሄድን። ከዚያ ወዲህ እዚያው ነው፤ አሁን ዞር ብል አየዋለሁ።

ጎማው እስኪያልቅ አይጣልም፣ ተከፍሎበታል። ሲያልቅ 265/70 ነው የምገዛው፤ ትንሽ ጠበብ፣ ትንሽም ዝቅ ይላል፣ ይበቃኛል። በያጅ ጋ ደግሞ የጎን መረገጫ አዝዣለሁ፤ ቅዳሜ ይደርሳል ብሎኛል። ምክንያቱም እማዬ በደወለች ቁጥር ከጤንነቴ በፊት የምትጠይቀኝ በርጩማዋን ነው። ቡና የምታፈላው እሱ ላይ ተቀምጣ ነው።

ዝናቡ ጨመረ መሰለኝ፤ እኔንም እየሰማችሁኝ አይመስለኝም። ቸር ሰንብቱ።