ሙቀቱ የት ይሂድ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ቤት ውስጥ ስለምንሠራው አምፕሊፋየር ነው። በተለይ ስለ ሙቀቱ።

ጀማሪዎች ሲጠይቁኝ ወሬው ሁሉ ስለ ዋት ነው። ስንት ዋት ይሰጣል? ቤዙ ይመታል ወይ? ሙቀት የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ነው። እኔ ግን ከአሉሚኒየሙ፣ ማለትም ሙቀቱን ከቺፗ ተቀብሎ ለአየር ከሚሰጠው ሂት ሲንክ ጀምሩ ባይ ነኝ። ቺፕ ከተቃጠለች እዚህ አገር ምትክ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ሊኖር ነው። ልጁ ከኪሱ ቆጥቦ የገዛት ናትና ያንገበግበኛል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ኤልኤም 3886 የምትባለውን የአምፕሊፋየር ቺፕ ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ፕላስና ማይነስ 28 ቮልት እንስጣት፣ 8 ኦም ስፒከር እናገናኝላት። በባሰባት ሰዓት ወደ 20 ዋት ያህል ሙቀት ታወጣለች። የባሰባት ሰዓት ስል ድምፁ ጣሪያ የነካበትን ማለቴ አይደለም። እንደ እሷ ያለ፣ ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት አምፕሊፋየር በጣም የሚግለው ከሙሉ ጉልበቱ 40 በመቶ ገደማ ሲጫወት ነው። ስለዚህ «እኔ እስከ መጨረሻ አልከፍተውም» ማለት አያድንም።

አሁን ሙቀቱ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ከቺፗ ውስጥ እስከ ጀርባዋ ብረት ድረስ ለእያንዳንዱ ዋት 1 ዲግሪ ይጨምራል። በቺፗና በሂት ሲንኩ መሃል የሚገቡት ሚካውና (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ግማሽ ዲግሪ ይሁኑ። ሂት ሲንኩ 2 ዲግሪ እንበለው። ድምሩ 3.5 ነው፤ በ20 ዋት 70 ዲግሪ ይሆናል። የክፍሉ አየር 25 ከሆነ ውስጧ 95 ደረሰ። ደህና ናት፣ ገደቧ 150 ነው።

አንዱ ለድግስ ድምፅ ይጨምር ብሎ ሁለተኛ 8 ኦም ስፒከር በፓራለል ቢቀጥልስ? ጭነቱ 4 ኦም ሆነ። ሙቀቱ 40 ዋት ገባ። 140 ዲግሪ ጭማሪ፣ ከ25ቱ ጋር 165። ቺፗ እንዳትቃጠል ብላ በራሷ ሥራ የምታቆመው እዚያው ላይ ነው። ወደ 155 ስትወርድ ደግሞ ትነሳለች። ሙዚቃው ቆረጥ፣ መለስ፣ ቆረጥ ይላል። ሰው ገመድ ይነቀንቃል፣ ስፒከር ይቀይራል። እጁን ሳይነካ ወደ አሉሚኒየሙ ጠጋ ቢያደርግ ግን መልሱን ያገኝ ነበር።

ሚካው ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚህች ቺፕ የብረት ጀርባ ከማይነሱ ቮልቴጅ ጋር የተገናኘ ነው፣ ስለዚህ ከአሉሚኒየሙ መነጠል አለበት። አሉሚኒየሙን በድሪል ስትበሱት የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስስ ምላስ ትቀራለች። ዓይን አያያትም፣ ጣት ግን ያገኛታል። ሚካውን የምትበሳው እሷ ናት። በትልቅ መሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ አዙራችሁ ጠርጓት። ፔስቱን እንደ ቅቤ አታሳብጡት፣ ብረቱን በስሱ ብቻ ይሸፍነው። ቡሎኑን ካሰራችሁ በኋላ፣ መብራት ሳትሰጡ፣ የቺፗ ጀርባና አሉሚኒየሙ አለመገናኘታቸውን በቴስተር ለኩ።

በቺፕ ፋንታ በተናጠል ትራንዚስተሮች ለምትሠሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ትራንዚስተር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር በሁለቱ እግሮቹ፣ በቤዝና በኢሚተር መሃል ያለው ቮልቴጅ 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ባያሱ (ድምፅ በሌለበትም ትንሽ ከረንት እንዲያልፍ የሚያደርገው ቮልቴጅ) ካልተከተለው ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ መልሶ ከረንት ይጨምራል። እስኪቃጠል ይቀጥላል። ባያሱን የሚቆጣጠረው ትንሹ ትራንዚስተር እዚያው ሂት ሲንክ ላይ ከትልልቆቹ ጎን ይታሰር። በገመድ ራቅ አድርጎ መተው አያስኬድም።

ምናለሽ ተራ የምትሄዱ ከሆነ የኮምፒውተር ሂት ሲንክ አያጓጓችሁ። ክንፎቹ የተጠጋጉት ለማራገቢያ ተብለው ነው። ያለ ማራገቢያ አየር መሃላቸው እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ክንፉ ራቅ ራቅ ያለውን ፈልጉ፣ ክንፎቹንም ወደ ላይ አቁሟቸው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሙቀት የሚወስደው ደግሞ አየሩ ነው። ቅዝቃዜው በከፊል ያካክሰዋል፣ እኔ ግን ሁሌም አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሂት ሲንክ እመርጣለሁ።

ቮልቴጃችሁን፣ የስፒከሩን ኦምና የአሉሚኒየሙን ስፋት ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ዝግጅት አብረን እናሰላዋለን። ቸር ሰንብቱ!