እርጥብ አፈር ወጣ ማለት ውሃ ተገኘ ማለት ነው?

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ የጉድጓድ ውሃ ከድንጋይ መሀል የት እንደሚገኝ ልናይ ጣርማበር ነን። ብርዱን ተዉት፣ ጆሮዬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ገደሉን ግን እዩልኝ። ጥቁር ድንጋይ፣ ቀላ ያለ ስስ መስመር፣ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ። የጂኦሎጂ ሰዎች በአገሩ ስም «ጣርማበር ባዛልት» ይሉታል። ላቫ (ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ) በላቫ ላይ እየፈሰሰ የተከመረ ነው።

አሁን መሶቡን ክፈቱ። እንጀራው ተደራርቧል፣ አይደል? የእያንዳንዱ ፊት ዓይናማ ነው፣ ጀርባው ልሙጥ። ላቫም እንደዚሁ! ሲፈስ ጋዙ ወደ ላይ ይወጣና ፊቱን ዓይን በዓይን ያደርገዋል። መሀሉ ድፍን ይሆናል። ከዚያ ሌላ ይደረብበታል። ሌላ። ደግሞ ሌላ። እና ውሃውን የት እንፈልገው? በአንዱ ፊትና በሌላው ጀርባ መካከል ነዋ! ወጥ ቢፈስበት የሚሰርገው እዚያው ነው። (ይህን ምሳሌ የምወደው ርቦኝ አይደለም። እሺ፣ ርቦኛል።)

ግን ዓይኑ አንዳንዴ ይደፈናል። ስለዚህ ሪጉ (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽኑ) ሲቆፍር የሚወጣው ፍርፋሪ ድንጋይ ከነጥልቀቱ እየተመዘገበ በተርታ ይቀመጣል። ዓይኑ ውስጥ ነጭ ነገር ካለ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። አረፋ ካወጣ ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ነው። ካላወጣ ዚዮላይት የሚባለው ሌላ ማዕድን ሊሆን ይችላል፣ በኤክስሬይ ይለያል። ያም ሆነ ይህ ቀዳዳው ተደፍኗል። ስንጥቁ ላይ ዝገት መሳይ ቀለም ካያችሁ ግን ውሃ ሳያልፍበት አልቀረም። ጨረስን!

አይ፣ አልጨረስንም። «እርጥብ ቀይ አፈር ወጥቶ ሳለ ቆፋሪዎቹ ለምን አልፈውት ወረዱ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ኧረ ወገን! ያ ቀዩ መስመር በሁለት ላቫ መካከል የቀረ የድሮ አፈር ነው። የላይኛው ላቫ ጠብሶታል። አብዛኛው ሸክላ አፈር ነው። ሸክላ ውሃ ይይዛል፣ ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ ግን አይለቅም! ቀዳዳው እጅግ ደቃቅ ነው። ፓምፕ ብታወርዱበት ትርፉ ጭቃ ነው።

የባሰው ደግሞ መሣሪያ ማሞኘቱ። በኤሌክትሪክ ቅኝት (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ተልኮ ከሥር ያለው ሲገመት) ሸክላም፣ ውሃ ያዘለ አለትም ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋሉ። ውጤቱ የሚሰፍርበት ወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ። ፍርፋሪውን በጣቱ ሳያሽ በወረቀት ብቻ «እዚህ ቆፍሩ» የሚላችሁን ሰው እኔ ብሆን አልከፍለውም።

ቀዩን መስመር ግን አትናቁት። ከላይ የሚሰርገውን ውሃ ያግዳል። እዚያ ሳሩ የለመለመበትን አያችሁት? ልክ ከመስመሩ በላይ ነው። ምንጩ በዚያ በኩል ይወጣል።

ሸዋሮቢት ሜዳው ላይ ነገሩ ሌላ ነው፣ ጠጠርና አሸዋ ይበዛዋል። በሚቀጥለው ቪዲዮ እንወርዳለን። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ እኔ ወደ ምሳ።