ስልኩ ውስጥ ሰው ይኑር

(በዓለም አቀፉ የአእምሮ ጤና ቀን ለሳይካትሪ ነርሶችና ከስደት ለተመለሱ እህቶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከዐረብ አገር ተመልሳችሁ ዛሬ ከኛ ጋር የተቀመጣችሁ እህቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለጭንቀትና ለድብርት» የሚል ነው። በስልክ የሚሰጥ የምክር ሕክምና ብዙ ሰው እንደሚረዳ በየአገሩ በጥናት ታይቷልና በዚያ አልከራከርም። እኔ የመጣሁት ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ መርቀን ያጨበጨብንለትን፣ ዘጠኝ ጥያቄ እየጠየቀ ድብርትን የሚለየውን መተግበሪያ ላነሣ ነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከምርቃቱ ሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እህት ወደ ተመላላሽ ክፍላችን መጣች። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። እንቅልፍ እምቢ ብሏታል፤ አናቷን ያቃጥላታል፤ ልቧ ይመታል። ጸበል ተጠምቃ፣ የጨጓራ መድኃኒት ውጣ ውጣ ነው እኛ ጋ የደረሰችው። እዚህ ያለን ነርሶች ይህን በየቀኑ እንሰማዋለን። ማንበብ ብዙም ስለማይሆንላት ጥያቄዎቹን ከታብሌቱ ላይ እኔ አነበብኩላት። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ዝቅ የማለት ስሜት ተሰምቶዎታል?» ይላል። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሲስተር፣ ዝቅ ብዬማ ነው የኖርኩት። ዝቅ ሳልል ማን ያሠራኛል?» አለችኝ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመቱን ዘረገፈችው። ማዳሟ ስልኳን የቀማቻትን ቀን፣ የእናቷን መርዶ ከሰባት ወር በኋላ የሰማችበትን ማታ፣ ልብስ እየተኮሰች ድምፅ ሳታሰማ ያለቀሰችውን። መተግበሪያው የሚጠብቀው ግን ከአራት ቁልፎች አንዱን ነው። የቱን ልጫንላት?

ጥያቄው ስለ መከፋት ነበር። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ አንሥቶ አማርኛ ላይ አስቀመጠው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ «ዝቅ ማለት» መዋረድ ነው፣ ሲልም ትሕትና ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ እነዚያው ዘጠኝ ጥያቄዎች በአማርኛ ተዘጋጅተው አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትሸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። መተግበሪያውን የሠሩት ሰዎች አንዳችንን ጠይቀውን ቢሆን በእጃቸው እናስይዛቸው ነበር። ማንም አልጠየቀንም!

ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘት ነው። «በየቀኑ» አለችኝ። ተጫንኩት። አይዞሽ የሚል ጽሑፍ ወጣና ከሥሩ የስልክ ቁጥር መጣ። የባሕር ማዶ ስልክ ቁጥር! እኔ አጠገቧ ባልኖርስ? ሌሊት ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ሆና ቢሆንስ? ማን ሊያነሣላት ነው? በምን ቋንቋ ሊያናግራት ነው? ሰውን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን የሚሰማ ጆሮ አለማስቀመጥ ሕክምና አይባልም። ይህን ስል ደግሞ የምቆጣው በመሣሪያው አይደለም፤ እንዲህ አድርገው በላኩት ላይ ነው።

የዚያኑ ዕለት ሐኪም አያት፣ ታላቅ እህቷን አስጠራን፣ ለደቂቃ ብቻዋን አልተውናትም። መድኃኒትም ጀመረች። ታብሌቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና የሷን ስልክ ተጠቀምኩ። ይህቺ ማንበብ የሚከብዳት ሴት በኢሞ ድምፅ መላክ ከማናችንም በላይ ታውቃለች፤ ስልኳን እስክትቀማ ድረስ ከናቷ ጋር የተገናኘችው በዚያ ነው። ማታ ማታ ሁለት ደቂቃ ድምፅ እልክላት ጀመር። ለነገ አንዲት ነገር ብቻ፦ ጎረቤት ሄደሽ ቡና ጠጪ፤ እስከ ገበያው በእግርሽ ድረሺ፤ ልብስሽን ፀሐይ ላይ አስጪ። በማግስቱ ትመልሳለች፤ «ሄድኩ» ወይም «አቃተኝ»። አቃተኝ ስትል ነገሩን እናሳንሰዋለን፤ ከገበያው እስከ በሩ። ድብርት ሰውን ከሥራና ከሰው ይነጥለዋል፤ መነጠሉ ደግሞ ድብርቱን ያባብሰዋል። እኛ ያደረግነው ያንን ዙር በትንሽ በትንሹ መስበር ነው። በስምንተኛው ሳምንት አንድ አጭር ድምፅ ደረሰኝ፦ «ሲስተር፣ ትናንት ሌሊቱን ተኛሁ።»

እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የሊባኖስ የጤና ሚኒስቴር «ደረጃ በደረጃ» የሚባል በስልክ የሚሠራ የድብርት መርጃ አላቸው። አምስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ የተጻፈው በታሪክ መልክ ነው፤ የሠለጠነ ረዳት በየሳምንቱ እስከ 15 ደቂቃ ተጠቃሚውን ያናግራል። ሊባኖስ ውስጥ በሶርያ ስደተኞችም ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ጥሩ ውጤት ታተመለት። ቻይና ውስጥ ማካው ላሉ የፊሊፒንስ ሠራተኞችም እንደ ባህላቸው ተሰናድቷል። ቤሩት ውስጥ ስንት እህቶቻችን እንዳሉ እዚህ የተቀመጣችሁት ታውቃላችሁ። የነሱስ ተራ መቼ ነው?

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር። ዛሬ ጠዋት ያንን መተግበሪያ ልከፍተው ሞከርኩ፤ አይከፈትም። የፕሮጀክቱ ዘመን አልቋል። ያቺ እህት የመለሰችው መልስ ግን የት ነው ያለው? እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን የምክር አገልግሎት ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። እኛ ዘንድ ማን ይጠይቃል?

የሚቀጥለውን በጀት የያዛችሁ የፊት ወንበር ላይ ናችሁ። የሁለት ነርሶች የሌሊት ተረኛ አበል፣ የአየር ሰዓት፣ በሰው ድምፅ የተቀዳ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ፤ ይህ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ለምርቃት አትጥሩኝ። መልሳችሁን ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ብሰማ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።