ያቺ መዝገብ እዚያው ትቆይ

የተከበራችሁ ጡረተኛ ባልደረቦቼ፣ በሥራ ላይ ያላችሁ መርማሪዎች፣ የልብ ወለድ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ፖሊስ የነበረ ሰው ልብ ወለድ ጻፈ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «እውነተኛ ታሪክ ነው አይደል?» ይሉኛል። አይደለም ስላቸው ፊታቸው ቅር ይለዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ከእናንተ ከባልደረቦቼ ይመጣል። «ያቺን መዝገብ ለምን አትጽፋትም?» ትላላችሁ። እያንዳንዳችን አንዲት «ያቺ መዝገብ» አለችን። እንቅልፍ የነሳችን፣ ጡረታ ወጥተንም ያልለቀቀችን። እኔ ግን እዚያው መደርደሪያዋ ላይ ትቆይ ባይ ነኝ።

መዝገቧ የእኛ አይደለችም። ሟቹ እናት አለችው፤ ልጆች አሉት። ምስክሩ ቃሉን የሰጠው ለፍርድ ቤት ብሎ እንጂ ለመጽሐፍ ብሎ አይደለም። ስም ቀይሬያለሁ ማለትም አያድንም። ሟች በዚያ ቀን የለበሰውን ሹራብ ቀለም ከጻፋችሁ እናቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ታውቀዋለች። በሥራችን ያወቅነውን ምስጢር መጠበቅ ደግሞ ከመታወቂያው ጋር ተመላሽ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ይህን እንኳ ብንተወው፣ እውነተኛ መዝገብ ለልብ ወለድ አይመችም። አብዛኛው ወንጀል ምን ምስጢር አለው? ሰክሮ ነው፣ ተናዶ ነው፣ በገንዘብ ተጣልቶ ነው። ማን እንዳደረገው ጎረቤት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይነግራችኋል። ቀሪው ሥራ ማስረዳት ነው። ወረቀት፣ ፊርማ፣ የላብራቶሪ ውጤት መጠበቅ፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። ይህን እንዳለ ብጽፈው ማን ያነበዋል? እኔ ራሴ አላነበውም።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ፈረንሳዊው ቪዶክ መጀመሪያ ወንጀለኛ ነበር። ታስሮ፣ አምልጦ፣ እንደገና ተይዞ፣ በመጨረሻ የፓሪስ የወንጀል ምርመራ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ትዝታዎቹ እ.ኤ.አ. በ1828 መታተም ሲጀምሩ ጉድ ተባለ። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1841 አንድ አጭር ታሪክ አወጣ፤ ብዙዎች የምርመራ ልብ ወለድ መነሻ የሚሉት ነው። በዚያ ታሪክ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቪዶክን «ጎበዝ ገማች» ብሎ ሸንቆጥ ያደርገዋል። ገጸ ባሕርዩ ፖሊስ አይደለም። እንግዲህ ገና ከጅምሩ ፖሊስ ያልሆነ ሰው በለጠን ማለት ነው!

በኋላ ሌላው አሜሪካዊ ደራሲ ዳሺል ሃሜት መጣ። ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። እንደ እኔ አነባበብ ከዚያ ይዞ የወጣው ትልቁ ነገር ሰው እንዴት እንደሚያወራ ነው። ጆሴፍ ዋምቦ ደግሞ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1971 ሲያሳትም ገና የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ባልደረባ ነበር። ዝናው አላሠራ ስላለው በ1974 ለቀቀ። የእሱን መጻሕፍት ስታነቡ ፖሊሱ ወንጀሉን እንዴት እንደፈታው ሳይሆን፣ ሥራው ፖሊሱን ምን እንዳደረገው ነው የሚይዛችሁ።

ታዲያ እኛ ምን ይዘን እንውጣ? ጆሯችንን። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ ሰምተናል! እውነት የሚናገር ምስክር ይደናቀፋል። «ቆይ ቆይ፣ ከዚያ በፊት ደውላልኝ ነበር» ይላል። ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያርማል፣ የማይጠየቀውን ይጨምራል። አጥንቶ የመጣው ግን ለፈተና እንደተዘጋጀ ተማሪ ያለ እንከን ይወርደዋል። መርማሪ «እስቲ ከመጨረሻው ጀምረህ ንገረኝ» የሚለው ለዚህ ነው። የተፈጠረ ታሪክ ወደ ኋላ ሲነገር ይንገዳገዳል። ሁሌ አይሠራም፤ የደነገጠ ንጹሕ ሰውም ይምታታበታል። ይህንንም እናውቃለን፣ እና ለደራሲ እንዲህ ያለ ዕውቀት ከአሥር መዝገብ ይበልጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ፈጠራ ነው። ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «ሟች ሳሎን ውስጥ ወድቆ ተገኝቷል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። የሟች ባለቤት ቃሏን ሰጥታለች።» ምንም አልጎደለውም። አሁን ሴትየዋን ቀረብ ብለን እንያት። መርማሪው ይጠይቃታል፣ እሷ ትመልሳለች። እየመለሰች የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ ታስተካክላለች። አስከሬኑ ገና አልተነሳም። እሷ ግን ጨርቁ ቀጥ እስኪል አልተወችውም። ይህን ሪፖርት ላይ ብጽፈው አለቃዬ በቀይ ይሰርዘው ነበር። እውነቱን ነው፤ ጨርቅ ማስተካከል ማስረጃ አይደለም። አንባቢ ግን ዓይኑን እዚያች ጨርቅ ላይ ይተክላል። ሐዘን ነው ወይስ ሌላ ነገር? ያንን ለማወቅ ገጽ ይገልጣል።

የሪፖርቱን ቋንቋ ግን እባካችሁ ጣሉት። «ተጠርጣሪው በቁጥጥር ስር ውሎ ምርመራ እየተጣራበት ይገኛል።» ማን ያዘው? የት? ሲይዙት ምን አለ? በሥራችን ለዓመታት ራሳችንን ከዓረፍተ ነገሩ ስናስወጣ ኖረናል። ልብ ወለድ ውስጥ መመለስ አለብን፤ ቀላል አይደለም።

አንባቢን ማታለልም አለ። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ በ1929 ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ዛሬ ያስቃሉ። አንዱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢም ማየት አለበት። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ለተከሳሽ ጠበቃ ያሳውቅ እንደሚባለው ማለት ነው። ፍንጩን መደበቅ የለም። ክብደቱን መደበቅ ግን ይቻላል። ጨርቋን በግልጽ አሳዩ፣ ወዲያው ስልክ ይጩህ።

«አሠራሩ እንዲህ አይደለም» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። የላብራቶሪውን ውጤት ከሳምንታት ወደ አንድ ሌሊት አሳጥሬዋለሁ፣ ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። የማላሳጥረው አንድ ነገር አለ። በጥፊ የተገኘ የእምነት ቃል መጽሐፌ ውስጥ አይገባም። ሰው ዱላው እንዲቆምለት ያላደረገውንም አደረግሁ ይላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን የማያውቅ ፖሊስ የለም። በልብ ወለድ ውስጥ ጥፊውን እንደ ጀግንነት ስናሳይ፣ ነገ ምልምል ሆኖ የሚገባው ወጣት ሥራው እንዲህ ነው ብሎ ይመጣል።

ለመጀመር ላሰባችሁ አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። ረቂቁን ለፖሊስ ብቻ አታስነብቡ፤ እኛ አሠራር ስናርም ታሪኩ ያመልጠናል። ሥራችንን ለማያውቁ ጥቂት ሰዎችም ስጡ። ገዳዩን የጠረጠሩበት ገጽ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ሁሉም መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ካደረጉ ፍንጩን አጋንናችሁታል። አንድም ሰው ካላደረገ ደግሞ ደብቃችኋል፣ ተመለሱና ጨምሩ። ምልክቱ እዚህም እዚያም ከተበተነ፣ ስልኩ በሰዓቱ ጮኋል ማለት ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።